ስንት ኮፒ ተሸጠ? የፖፕ አልበም ሽያጭ በየአገሩ ገበያ የሚገመትበት መንገድ

የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በዓለም ዙሪያ ስንት ኮፒ ተሸጠ? አንዱ 65 ሚሊዮን ይላል፣ ሌላው 70 ሚሊዮን፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው ብሎ የሚሟገትም አለ። አልበሙ የወጣው በኖቬምበር 1982 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው ቁጥር ብዙም አያጨቃጭቅም፤ አልበሙ እዚያ 34 ጊዜ ፕላቲነም ተብሏል፣ ይህም 34 ሚሊዮን ማለት ነው። ክርክሩ ያለው በቀረው ዓለም ላይ ነው። አንዱ ለቀረው ዓለም 31 ሚሊዮን ይሰጠዋል፣ ሌላው ከዚያ ከእጥፍ በላይ። ያን ጊዜ የዓለምን ሽያጭ በአንድ መዝገብ የሚይዝ ተቋም ስላልነበረ ዛሬ የምናነበው ድምር ሁሉ፣ የትም ይጻፍ የት፣ ግምት ነው።

ግምት ነው ማለት ግን ዝም ብሎ የተጠራ ቁጥር ነው ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራ ግምት አለ፣ ተጋንኖ የተነዛም አለ። ሁለቱን ለመለየት እያንዳንዱ አገር ምን ሲቆጥር እንደኖረ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ «ተሸጠ» የሚለው ቃል ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን የተለያየ ነገር ሲጠራበት ኖሯል።

በጣም የሚታወቀው መለኪያ የወርቅና የፕላቲነም ሽልማት ነው። የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር፣ በምህጻሩ አርአይኤኤ፣ የወርቅ ሽልማት መስጠት የጀመረው በ1958 ሲሆን መስፈርቱ በመጀመሪያ ኮፒ ሳይሆን ገንዘብ ነበር፤ አልበሙ በፋብሪካ ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ማስገባት ነበረበት። የ500,000 ኮፒ መስፈርት የመጣው በ1975 ነው። በ1976 የ1 ሚሊዮኑ ፕላቲነም፣ በ1999 ደግሞ የ10 ሚሊዮኑ ዳይመንድ ተጨመሩ። ስለዚህ የ1960ዎቹን ወርቅ አይቶ «ግማሽ ሚሊዮን ተሸጧል» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ይህ ሽልማት ለረጅም ዘመን ሲቆጥር የኖረው አድማጭ ከሱቅ ገዝቶ የወሰደውን አይደለም፤ ከአሳታሚው መጋዘን ወጥቶ ለአከፋፋይና ለሙዚቃ ቤት የተላከውን ነው፣ ተመላሹ ተቀንሶ። ሲላክ ቶሎ ይታወቃል፣ ሲመለስ ግን ወራት ይፈጃል። በ1978 «ኪስ» የተባለው የሮክ ቡድን አራት አባላት በአንድ ቀን አራት የየግል አልበም ሲያወጡ ካዛብላንካ የተባለው አሳታሚያቸው እያንዳንዱን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አድርጎ ለሱቆች ላከ። አራቱም ፕላቲነም ሆኑ። ከዚያ ሸክላው በካርቶን በካርቶን እየሆነ ተመለሰ፣ ያልተመለሰውም በርካሽ ዋጋ መደርደሪያ ላይ ከረመ።

ሽልማቱ በራሱም አይመጣም። አሳታሚው ማመልከት አለበት፣ መዝገቡ እንዲመረመር መፍቀድና ለምርመራው መክፈልም አለበት። ካላመለከተ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። የኢግልስ ቡድን የ1971–1975 ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2006 29 ጊዜ ፕላቲነም ተባለ፤ ከዚያ ዓመታት ዝም ካለ በኋላ በኦገስት 2018 በአንድ ጊዜ 38 ሆኖ ከ«ትሪለር» በላይ ተቀመጠ። ያን ሰሞን ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ሱቅ አልሄደም። አሳታሚው ዝም ባለባቸው ዓመታት የተጠራቀመው ሽያጭ፣ ከ2016 ጀምሮ ይቆጠር ዘንድ ከተፈቀደው የኢንተርኔት ማዳመጥ ጋር ተደምሮ፣ በአንድ ማመልከቻ ገባ። አልበም ሲያወዳድር «የመጨረሻው ማረጋገጫ መቼ ወጣ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው አንዱን በ2006፣ ሌላውን በ2018 ሚዛን ይመዝናል።

ባለ ሁለት ዲስክ አልበምም ዝርዝሩን ያዛባል። በአሜሪካው ደንብ ርዝመቱ ከ100 ደቂቃ ካለፈ እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው ይቆጠራል። የማይክል ጃክሰን «ሂስቶሪ» በአሜሪካ 8 ጊዜ ፕላቲነም ነው፤ ገዝተው ቤታቸው የወሰዱት ግን 4 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ይህን ሳያይ 8 ሚሊዮን ብሎ የጻፈ ሰው ብዙ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከሱቅ በትክክል የተሸጠውን መቁጠር የጀመረው ሳውንድስካን የተባለው የሽያጭ መቁጠሪያ ሥርዓት ነው። ከ1991 በፊት ቢልቦርድ መጽሔት ገበታውን፣ ማለትም የአልበሞቹን የደረጃ ዝርዝር፣ የሚያወጣው ሙዚቃ ቤቶችን በስልክ እየጠየቀ ነበር፤ ሻጩም የመሰለውን ደረጃ ይነግረዋል፣ አሳታሚ ደጅ ሲጠናውም ያደላል። ሳውንድስካን ግን በካሸር ማሽን የተነበበውን ባርኮድ ሰበሰበ። የቢልቦርድ የአልበም ገበታ በሜይ 1991 ወደዚህ ሲዞር አሜሪካ ምን እንደምትሰማ በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ ጋርዝ ብሩክስና ሌሎች የካንትሪ ዘፋኞች ወደ ላይ ተተኮሱ፣ ኤን ደብሊው ኤ የተባለው የራፕ ቡድንም በወሩ አንደኛ ሆነ። ያ ሁሉ ገዢ ድሮም ነበረ፣ የሚቆጥረው ነው ያልነበረው።

ሳውንድስካንም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ኮሎምቢያ ሃውስና ቢኤምጂ በፖስታ ሲዲ የሚሸጡባቸው ክለቦች ነበሯቸው፤ በእነሱ በኩል የሄደውን የአርአይኤኤ ቁጥር ሲይዘው ሳውንድስካን አልያዘውም። የሻናያ ትዌይን «ካም ኦን ኦቨር» በሳውንድስካን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆኖ በአርአይኤኤ 20 ሚሊዮን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ የሚመልሱት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ሲወጣ የፕላቲነሙ መጠን ራሱ ይለወጣል። በብሪታንያ ፕላቲነም 300,000፣ በአውስትራሊያ 70,000 ነው። በካናዳ 100,000 ነበር፣ በ2008 ወደ 80,000 ወረደ። የጀርመኑ በጣም ይለዋወጣል፤ እስከ 1999 ድረስ 500,000፣ ከዚያ 300,000፣ ከዚያ 200,000፣ ለ2023 እና ከዚያ ወዲህ ለወጡ አልበሞች ደግሞ 150,000። በ1995 የወጣ አልበም በጀርመን «ሁለት ጊዜ ፕላቲነም» ከተባለ አንድ ሚሊዮን ነው፤ በ2005 ለወጣው 400,000 ነው፤ ለዛሬው 300,000። ግምት ስመረምር መጀመሪያ የማየው የጀርመኑን መስመር ነው። የአልበሙን ዓመት ሳያገናዝብ የዛሬውን መጠን ያባዛ ሰው በዚህ አንድ አገር ብቻ መቶ ሺዎች ይሰውራል ወይም ይፈጥራል። ብሪታንያ ከጁላይ 2013 ወዲህ የአሳታሚ ማመልከቻ ሳትጠብቅ ከሽያጭ መዝገቡ በቀጥታ ስለምታረጋግጥ በዚህ በኩል በጣም የምትታመን ናት።

ጃፓን የራሷ ዓለም ናት። አንድ አዲስ ሲዲ ለረጅም ጊዜ ወደ 3,000 የን ይሸጥ ነበር፤ ሕጉ አሳታሚው የወሰነውን ዋጋ ሱቁ እንዳይቀንስ ስለሚፈቅድለት ቅናሽ የለም። ከአሜሪካ የሚገባው ሲዲ ይረክስ ስለነበር የጃፓኑ እትም ገዢ እንዳያጣ ተጨማሪ ዘፈን ይታከልበታል፤ የምዕራባውያን አልበሞች «የጃፓን እትም» ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዘፈን የሚኖረው በዚህ ነው። የሂካሩ ኡታዳ «ፈርስት ላቭ» በ1999 ወጥቶ እዚያው ጃፓን ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተነስቶ የዓለምን ድምር የሚያሰላ ሰው እንዲህ ያለውን አልበም ጨርሶ አያየውም። ዓለም አቀፉ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን፣ አይኤፍፒአይ፣ የ2019ን የአልበም ሽያጭ ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ የሆነው አራሺ የተባለው የጃፓን ቡድን ነበር፤ ስብስቡ 3.3 ሚሊዮን ሲሸጥ የቴይለር ስዊፍት «ላቨር» 3.2 ሚሊዮን ሆኖ ሁለተኛ ወጣ። አንዱ በአንድ አገር፣ ሌላው በዓለም ሁሉ ነው የተሸጠው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ አንድ አድናቂ በየሲዲው ማሸጊያ ውስጥ የሚገኘውን የዘፋኞቹን ፎቶ ለማሟላት ያንኑ አልበም ደጋግሞ ስለሚገዛ፣ የተሸጠው ኮፒ ብዛትና የገዛው ሰው ብዛት እጅግ ይራራቃሉ።

ጥሩ ግምት እንዴት እንደሚቆም የአዴል «21» ያሳያል። አይኤፍፒአይ በ2011 18.1 ሚሊዮን፣ በ2012 8.3 ሚሊዮን ብሎ መዝግቦታል፤ የሁለቱ ዓመት ድምር 26.4 ሚሊዮን ነው። በ2012 መጨረሻ በአሜሪካ በሳውንድስካን 10 ሚሊዮን አልፎ ነበር፣ በብሪታንያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለቀሩት አገሮች ሁሉ 12 ሚሊዮን ገደማ ይተርፋል። አልበሙ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ የነበረውን ስኬት ላየ ሰው ይህ ይዋጣል። ለአንድ አልበም 60 ሚሊዮን ተብሎ በአሜሪካና በብሪታንያ 12 ብቻ የተረጋገጠ ቢሆን ግን፣ የቀረውን 48 ሚሊዮን ማን ገዛው ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአሜሪካን ቁጥር በአንድ ቋሚ አሃዝ ማባዛትም አያዋጣም፤ ጋርዝ ብሩክስ ከሸጠው አብዛኛው እዚያው አሜሪካ ቀርቷል፣ የኩዊን «ግሬተስት ሂትስ» ደግሞ 7 ሚሊዮን አልፎ የብሪታንያ ቁንጮ ነው።

በምንም ስሌት የማይገባው የተቀዳው ካሴት ነው። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ «ትሪለር» የገባበት ቤት ብዙ ነበር፤ የገባው ግን ሙዚቃ ቤት ተወስዶ ባዶ ካሴት ላይ በመቀዳት ነው። ርዕሱ በእስክሪብቶ ይጻፋል። አልበሙ 42 ደቂቃ ስለሆነ በባለ 60 ደቂቃ ካሴት ላይ የሚተርፈው ቦታ በሌላ ዘፋኝ ይሞላል፤ «ቢሊ ጂን» የተባለው ዘፈን ያለበት ገጽ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል የሚያውቀው ባለ ካሴቱ ብቻ ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ እንዲህ የተሰማው ሙዚቃ ብዛቱ ቀላል አይደለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ይህን ያነሳሉ፣ መሰማቱም እውነት ነው። ነገር ግን አሳታሚው ያላተመውን፣ ዘፋኙም ሳንቲም ያላገኘበትን ኮፒ «ሽያጭ» ብሎ መደመር ከሌላው አልበም ጋር ማወዳደርን ዋጋ ያሳጣዋል።

ዛሬ የሚቆጠረው ኮፒ ሳይሆን «የአልበም አቻ» ነው። ቢልቦርድ ከ2018 እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ በክፍያ የተሰማ 1,250 ጊዜ ወይም በነጻ ከማስታወቂያ ጋር የተሰማ 3,750 ጊዜ እንደ አንድ አልበም ይይዝ ነበር። ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የወለዱት አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ በማርች 2020 «አፍተር አወርስ»ን ሲያወጣ የአሜሪካ የመጀመሪያ ሳምንቱ 444,000 ተባለ። ሲፈታ 275,000ው የአልበም ሽያጭ፣ 6,000ው በነጠላ ከተገዙ ዘፈኖች የተሰላ፣ 163,000ው ደግሞ 220.7 ሚሊዮን ጊዜ ከመደመጥ የመጣ ነው። 220.7 ሚሊዮኑን ለ163,000 ብናካፍል 1,354 ይወጣል፤ ይህ ከ3,750 ይልቅ ለ1,250 በጣም ስለሚቀርብ ከአሥሩ ማዳመጥ ዘጠኙ ገደማ በከፈሉ ሰዎች ነበር ማለት ነው። 275,000ው ውስጥም ከኮንሰርት ትኬትና ከልብስ ጋር ተያይዞ የተሰጠ አልበም አለበት፤ በዚያው ዓመት ቢልቦርድ እንዲህ ያለውን ጥምር ሽያጭ የሚገድብ ደንብ አወጣ። ብሪታንያ በበኩሏ የአልበሙን ሁለት በጣም የተደመጡ ዘፈኖች ወደ ሌሎቹ አማካይ ታወርዳለች፣ አንድ ዘፈን አልበሙን ሙሉ እንዳይሸከም። በጀርመን ገበታ ደረጃ የሚወጣው በገባው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የየአገሩን «የአልበም አቻ» ደምሮ የዓለም ሽያጭ ማለት ኪሎና ሊትር እንደ መደመር ነው።

አገር ውስጥ የሚቆጥር አካል ሳይኖር የውጭ ገበታ ብቻውን ምን እንደሚያሳይ ከእኛው ማየት ይቻላል። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2017 ወጥቶ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች («ወርልድ ሚዩዚክ» የሚባለው ዘርፍ) ገበታ አንደኛ ሆነ። ገበታው የሚሠራው በአሜሪካ ሽያጭ ነው፤ ደረጃውን የሰጡት እዚያ ያሉ፣ በብዛትም የእኛው ወገን የሆኑ ገዢዎች ናቸው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ በአዟሪ እጅ ከተሸጠው ሲዲ ግን አንዱም እዚያ አልተመዘገበም።