የስቴሮይድ መርፌ ምንድን ነው? ማስታገሻስ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ወዳለው መድኃኒት ቤታችን አንዲት እናት መጡ። ከቦርሳቸው የታጠፈ ካርቶን አውጥተው «የኔ ልጅ፣ ይቺን የጉልበት ማስታገሻ ስጠኝ፣ ጎረቤቴ ነርስ ናት፣ እሷ መቀመጫዬ ላይ ትወጋኛለች» አሉኝ። ካርቶኑ የትሪያምሲኖሎን፣ ማለትም የአንድ ስቴሮይድ መርፌ ነው። ማዘዣ የላቸውም። በአራት ወር ውስጥ ሦስተኛቸው ሊሆን ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ደግሞ አንድ ሰው «ስቴሮይድ ማለት ከዲክሎ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ነው፣ ሲያምህ ትወጋለህ፣ በቃ» ብሎ ጽፎ፣ ስንቱ «እውነት ነው» ሲለው አየሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ጂም ቤት የሚወራለት ስቴሮይድ ሌላ ነው። እሱ የወንድ ሆርሞን ዘመድ ነው። ይሄኛው ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች በየቀኑ የሚያመርቱትን ኮርቲሶል ይመስላል። ጡንቻ አይገነባም፤ ሲበዛ እንዲያውም ያሳሳዋል።

አሁን ወደ «ማስታገሻ» እንምጣ። ሽሮ ተጥዶ እየተንፈቀፈቀ ግድግዳውን ሲረጭ አስቡት። ሕመምን ብቻ የሚያስረሳ መድኃኒት የማድ ቤቱን በር ይዘጋላችኋል፤ ሽሮው መርጨቱን አልተወም፣ እናንተ ግን አታዩትም። ስቴሮይድ እሳቱን ነው የሚቀንሰው። እሳቱ መቆጣት ነው፤ ቁስል ተቆጣ፣ ጉልበት ተቆጣ የምንለው። ዲክሎም መቆጣት ይቀንሳል፣ ልክ ነው፣ ግን አንዱን መንገድ ብቻ ዘግቶ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ትሪያምሲኖሎን ግን መገጣጠሚያ ውስጥ ሲወጋ እዚያው ቀስ እያለ እየሟሟ ለሳምንታት ይሠራል። ስለዚህ ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ወይም ሪህ ያስቆጣው ጉልበት ላይ ሐኪም አይቶ ሲወጋው በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። ለከባድ አለርጂም፣ ኬሎይድ ለሚባለው አብጦ ለሚያድግ ጠባሳም እንጠቀምበታለን።

«እኔ ተወግቼ ሁለት ወር አላመመኝም፣ ታዲያ ምን ልበለው?» ለሚለው ወንድሜ፦ ያልታመምከው እሳቱ ስለቀነሰ ነው። ድስቱ ከተሰነጠቀ ግን እሳት መቀነስ ስንጥቁን አይገጥመውም። በዕድሜ ያለቀ ጉልበት እንደዚያ ነው፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ተበልቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 140 እንደዚህ ያለ ጉልበት ያላቸውን ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ግማሾቹ በየሦስት ወሩ 40 ሚሊግራም ትሪያምሲኖሎን፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ተወጉ። በሕመም ረገድ ልዩነት አልታየም። የስቴሮይዱ ቡድን ሽፋን ግን ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። «ሲያምህ ትወጋለህ» የሚለው ምክር የሚያስቆጣኝ ለዚህ ነው።

ደግሞም እሳት ያጣ ወጥ ይሻግታል። መቆጣት ሰውነት ተህዋስን የሚዋጋበት መንገድ ነውና ሲታፈን ተደብቆ የነበረ ቲቢ ሊነሳ ይችላል፤ ከአፈር በእግር ቆዳ በኩል የሚገባ አንድ የአንጀት ትል አለ፣ እሱም መላ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። የጉልበቱ ሕመም ከተህዋስ ከሆነማ መርፌው ራሱ አደጋ ነው።

ሌላም አለ። መቀመጫ ላይ የተወጋ ስቴሮይድ ጉልበት ፈልጎ አይሄድም፤ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። 40 ሚሊግራም ትሪያምሲኖሎን በአቅሙ ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ከ10 ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ ጋር ይተካከላል። ስኳር ለቀናት ይሰቅላል። ደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሲደጋገም ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ እነዚያ ኮርቲሶል የሚያመርቱ ሁለት ዕጢዎችም ሥራቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። የተወጋበት ቆዳ ሊነጣና ሊጎደጉድ ይችላል፤ ጅማት ውስጥ ከገባ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ማንም ባይጠይቀኝም ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ መርፌ እንኳ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይናገር፤ ሪቶናቪር ትሪያምሲኖሎንን ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዘዋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ደግሞ ደቃቅ ቅንጣት ስላለው ከመሳቡ በፊት ይነቀነቃል፣ ደም ሥር ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

ዋጋው ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይለያያል። ፒያሳም፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢም፣ ከነማም ጠይቃችሁ አወዳድሩ። ግን የብልቃጡን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ፤ መገጣጠሚያ ውስጥ በንጽሕና የሚወጋ የሠለጠነ እጅም ይከፈልበታል፣ ጎረቤት ጋ የሚቀረው እሱ ነው። ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን፣ ሌላው የስቴሮይድ መርፌ) ርካሽ ነው ብሎ በምትኩ መግዛትም አይሠራም፤ እሱ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፣ ቶሎ ይሟሟል፣ እንደዚህኛው ቦታው ላይ አይቆይም።

እኚያን እናት «እማዬ፣ ስኳር አለብዎት?» አልኳቸው። «አለብኝ እንጂ። ከፋሲካ ወዲህ አልወርድ ብሎኛል፣ እኔ በዓሉ ነው ብዬ» አሉኝ። የመጀመሪያውን መርፌ የተወጉት የፋሲካ ሰሞን ነበር። ካርቶኑን መለስኩላቸውና ስኳራቸውን የሚከታተለው ሐኪም ስልክ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።