የመምህርና የአርቲስት ጥምረት ምንድን ነው?

አንድ መምህርና አንድ የጥበብ ባለሙያ አንድን ትምህርት አብረው አቅደው፣ አብረው ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ የመምህርና የአርቲስት ጥምረት ይባላል። ባለሙያው ሠዓሊ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ተዋናይ ሊሆን ይችላል። ለወላጆች በዓል የተጋበዘ ድምፃዊ ዘፍኖ ቢሄድ ግን ጥምረት አልተደረገም። ልጆቹ ተደስተዋል፤ ሰኞ ጠዋት መምህሩ ክፍል ሲገባ ግን የሚያስቀጥለው ነገር የለውም። መምህሩ ክፍሉን ለአርቲስቱ ጥሎ የቤት ሥራ ለማረም ወደ መምህራን ማረፊያ ቢሄድም ያው ነው።

በዚህ አሠራር ስማቸው ከሚነሣ አገሮች አንዷ አየርላንድ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ጥበብን ከትምህርት ጋር የሚያገናኝ መንግሥታዊ ሰነድ አወጣች፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንና አርቲስቶች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠለጥኑበትን መርሐ ግብር በሙከራ ጀመረች። ከሥልጠናው በኋላ አርቲስቱ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ከመምህሩ ጋር ይሠራል፤ ለሥራውም ይከፈለዋል። በዚህ ውስጥ ልቤን የሚነካው አብሮ መሠልጠኑ ነው። መምህሩ ሠዓሊ እንዲሆን፣ ሠዓሊውም መምህር እንዲሆን አይጠበቅም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ከቅርብ አይቶ ማክበርን ይማራል።

ወደ አገራችን፣ ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። መጽሐፉ ስለ ዜማ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥዕል ያወራል። ነገር ግን ክፍለ ጊዜው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በሌላ ትምህርት ለሠለጠነ መምህር ነው። ማሲንቆን በሥዕል ብቻ እያሳየ ስለ ማሲንቆ እንዲያስተምር መተው ለመምህሩም ለልጆቹም አያዋጣም፤ ማሲንቆውን የሚጫወተው ሰው እኮ በዚያው ወረዳ ይኖራል። አካባቢው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ያፈራ ነው፤ የተወለዱት አንኮበር ነው። ሆኖም ታላቅ ሠዓሊ የወንዙ ልጅ መሆኑ ብቻውን የዛሬዋን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሥዕል አያስተምራትም።

ጥምረቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት በደብረ ብርሃን አካባቢ አንዲት የሳይንስ መምህርት ስለ ድምፅ ልታስተምር ነው እንበል። ከትምህርቱ በፊት ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር ተቀምጠው ያቅዳሉ። እሷ ልጆቹ ማወቅ ያለባቸውን ትናገራለች፤ እሱ መሣሪያው የትኛውን ሊያሳይ እንደሚችል ይነግራታል። ክፍል ሲገቡ ተጫዋቹ እጣን ያልነካውን ደጋን የማሲንቆው ጭራ ላይ ይስባል። ደጋኑ ይንሸራተታል፤ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ የደጋኑን ጭራ በእጣን አሽቶ እንደገና ሲስበው ማሲንቆው ይጮኻል። መምህርቷ «ምን ተለወጠ?» ስትል እጆች ይነሣሉ፤ ሰበቃ የሚለው ትምህርት ከመጽሐፉ ወጥቶ ጆሮ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ተራ በተራ «ጋሼ፣ እኔም ልንካው» እያሉ ቆዳው ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ንዝረቱ ይሰማቸዋል። ተጫዋቹ ጣቱን በማሲንቆው ጭራ ላይ ዝቅ እያደረገ ሲነካ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። መምህርቷ በማስመሪያ ትለካለች፦ የሚርገበገበው ጭራ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ልክ ግማሹ ላይ ሲነካ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ክፍልፋይ እዚህ ሳይንስ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በዚያች አንድ ክፍለ ጊዜ ሙዚቃው የትምህርቱ ማጣፈጫ አልነበረም፤ ትምህርቱ ራሱ ነበር።

በመንዝም እንዲሁ የበግ ፀጉር የምትፈትል እናትና ባና የሚሠራ ሸማኔ ስለ ልኬትና ስለ ንድፍ ብዙ የሚያስተምሩት አላቸው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። በአገራችን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና አዝማሪው ለዘመናት በሙያቸው ተሰድበዋል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ግን ሁሉም ልብ ውስጥ አልገባም። ሸክላ ሠሪዋ የመምህርነት ቦታ ይዛ ልጆች ፊት ስትቆም፣ ከእነዚያ ልጆች መካከል የራሷ ልጅ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ በእናቱ ሙያ አንገቱን እንዳይደፋ ማድረግ ከየትኛውም የፈተና ውጤት አያንስብኝም።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ አዘጋጅቶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል። በመሥራት መማር የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህን ልማድ ብዙም አልወሰደም።

ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ጊዜና ትንሽ ገንዘብ ግን የግድ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለጋራ ዕቅድ ሰዓት ካልለቀቀ ሁለቱ የሚገናኙት ክፍሉ በር ላይ ይሆናል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረትም በአካባቢው ማን ምን ሙያ እንዳለው ያውቃልና ባለሙያ በመፈለግ ሊያግዝ ይችላል። ክፍያውን በተመለከተ፣ አዝማሪ ሠርግ ላይ ተከፍሎት ትምህርት ቤት ሲጠራ «ለልጆቹ ስትል» መባሉ ተገቢ አይደለም። በጥቂቱም ቢሆን ይከፈለው፤ መጠኑም ከዕቅዱ ጋር አስቀድሞ ይነገረው። አብሮት ያስተማረው መምህር ደግሞ ያንን ትምህርት በሚቀጥለው ዓመት በራሱ ማካሄድ መቻል አለበት፤ ካልቻለ የጋራ ዕቅዱ በደንብ አልተሠራም ማለት ነው።