"ሊግ ነው፣ ምን ቸገረን" እና ሌሎች ከአውቶቡሴ የማይወርዱ ወሬዎች

የምኖረው ምዕራብ አየርላንድ ውስጥ፣ በማዮ ካውንቲ፣ ካስልባር ከተማ ነው። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። በአዘቦት ቀን ተማሪ አመላልሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የጌሊክ እግር ኳስ ደጋፊ እጭናለሁ። ማዮና ጎረቤቱ ጎልዌይ በሊግ (ትልቁ ሻምፒዮና ሰመር ላይ ነው፣ ሊጉ ከሱ ይቀድማል) ሊገናኙ ሲሉ ወሬው ከሳምንት በፊት ይጀምራል። ማን ይሰለፋል፣ ማን ተጎዳ፣ ነፋሱ ከየት በኩል ይመጣል። እኔ ዝም ብዬ መሪዬን እይዛለሁ። ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። ያንኑ ስህተት ስንት ዓመት ሰማሁ! የአገሬ ልጆችም የራሳቸው አላቸው። ዛሬ ይውጣልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ቶሎ ላንሳው።

"ራግቢ ነው አይደል?" አይደለም። ኳሷ ክብ ናት። አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት፣ ሰባ ደቂቃ፣ በእጅም በእግርም። ኳስ ይዘህ ከአራት እርምጃ በላይ አትሄድም። ወይ መሬት ታነጥራታለህ፣ ወይ በእግርህ ጫፍ መትተህ ወደ እጅህ ትመልሳታለህ። አከታትለህ ሁለት ጊዜ ማንጠር አይቻልም።

"ስንት ይከፈላቸዋል?" ምንም። የመንገድ ወጪያቸው ይሸፈናል እንጂ ደሞዝ የሚባል የለም። አንድ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼን ሳወርድ በር ላይ የተቀበላቸው መምህር፣ ትናንት ቆሜ ያጨበጨብኩለት ተጫዋች ሆኖ አገኘሁት። እያነከሰ ነበር።

"ታዲያ ለምን ጥሩ አጥቂ አይገዙም?" ገበያው የለማ! ልጁ የሚጫወተው ላደገበት ክለብና ለክለቡ ካውንቲ ነው። ጎረቤት የተሻለ በረኛ ካለው ቀንተህ ትቀመጣለህ።

"ፈረንጅ ካልሆንክ አያሰልፉህም።" ላይቤሪያ የተወለደው ቦይዱ ሳየህ ለዌስትሚዝ ካውንቲ ተሰልፎ በ2022 የአገሪቱን ሁለተኛ ዋንጫ፣ ታልቸንን፣ አንስቷል። ወደ ቀጣዩ።

"ደጋፊ ይደባደባል፣ ልጅ ይዞ አይኬድም።" ይህን የሚሉኝ የቡናና የጊዮርጊስን ጨዋታ ለሁለት በተከፈለ ስታዲየም እያዩ ያደጉ ጓደኞቼ ናቸው። አልፈርድባቸውም። እዚህ ግን የደጋፊ መለያ አጥር የለም። የማዮ አረንጓዴና ቀይ የለበሰው፣ ጥቁር ቀይና ነጭ ከለበሰው የጎልዌይ ሰው ጎን ይቀመጣል። ይሰዳደባሉ፣ በእረፍት ሰዓት ከአንድ ፔርሙስ ሻይ ይቀዳሉ፣ ከእረፍት በኋላ ስድቡ ይቀጥላል።

አሁን ውጤት ስለማንበብ። በ2023 የሊጉ መክፈቻ ላይ ማዮና ጎልዌይ ካስልባር ተጫወቱ። ማታ የእህቴ ልጅ ከደብሊን ደወለ።

"ጋሼ፣ ስንት ለስንት?"

"አንድ ዘጠኝ ለዜሮ አሥራ ሁለት።"

"ውይ፣ ተሸነፋችኋ!"

"አቻ ነው።"

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። የቀለድኩበት መሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊተኛው ቁጥር ጎል ነው፣ ኋለኛው ነጥብ። መረብ ውስጥ የገባች ኳስ ሦስት ነጥብ ናት፤ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሀል ያለፈች አንድ። ስለዚህ አንድ ጎልና ዘጠኝ ነጥብ አሥራ ሁለት ይሆናል። ዜሮ ጎልና አሥራ ሁለት ነጥብም አሥራ ሁለት። አቻ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ከአርባ ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትታ ያለፈች ኳስ ሁለት ነጥብ ታስቆጥራለች። መደመር የሰለቸው ሰው ይህን ጨዋታ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ስለ እርግማኑም ካላወራሁ አይሆንም፤ የእኛ ሰው እርግማን ከተባለ ጆሮው ይቆማል። ማዮ የአየርላንድን ሻምፒዮና ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1951 ነው። ያኔ ዋንጫውን ይዘው ሲመለሱ ፎክስፎርድ ላይ ቀብር አልፈው ሄዱ፤ ቄሱም "ከእናንተ አንድ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ማዮ ዳግመኛ አያሸንፍም" ብለው ረገሙ ይባላል። ከ1989 ወዲህ ማዮ አሥራ አንድ ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ ሁሉንም ስለተሸነፈ ወሬው ሥጋ ለበሰ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የዚያ ቡድን የመጨረሻው ሰው ፓዲ ፕሬንደርጋስት በሴፕቴምበር 2021 አረፉ። ከዚያ ወዲህም የሻምፒዮና ዋንጫ የለም። ታዲያ አሁን ማን ረግሞን ነው? በአውቶቡሴ ውስጥ ይህን ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። አንዷ ሴትዮ ብቻ "አንተ ደግሞ!" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከጨዋታው በፊት የሚወጣውን አሰላለፍ አትመኑ። አርብ ማታ አሥራ አምስት ስም ይወጣል፣ ሰው በሱ ሌሊቱን ሲከራከር ያድራል፣ እሁድ ሜዳ ላይ ሦስቱ ሌሎች ሆነው ይገኛሉ። አሰልጣኞች ሆን ብለው ነው። በጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አለ፤ የክለቦች ሻምፒዮናም የሚያልቀው ጃንዋሪ ላይ ነው። ክለቡ እስከ መጨረሻ የሄደ ልጅ ለካውንቲው ወዲያው ላይደርስ ይችላል። "ይሄን ልጅ ለምን ተወው?" ብሎ አሰልጣኝ ከመስደብ በፊት የልጁን ክለብ ማየት ነው።

ነፋስ። "ሳንቲሙን ያሸነፈ መጀመሪያ ነፋሱን ይውሰድ" ይላሉ። ሁልጊዜ አይደለም። የጎልዌይ ሜዳ ሶልትሂል ላይ ባሕሩ አጠገብ ነው፤ ነፋሱ ሲነሳ የበረኛ ምት ወደ ራሱ ወደ በረኛው የሚመለስ ይመስላል። በነፋስ ጀምረህ አምስት ነጥብ ብትመራ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ያው ነፋስ የእነሱ ነው። ከሩቅ የምትመታ ኳስ ሁለት ነጥብ ከሆነች ወዲህ አምስት ነጥብ ምንም ማለት አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ ነፋሱን ለሁለተኛው አጋማሽ አስቀምጠዋለሁ። የሚጠይቀኝ ግን የለም።

እሺ፣ አሁን ደሜን ወደሚያፈላው።

ከሾፌር ወንበር ኋላ ያለችው ወንበር የአንድ ሽማግሌ ናት። ስማቸው አልተጻፈባትም፤ ግን ሌላ ሰው አይቀመጥባትም። ክሌርሞሪስን ሳናልፍ ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና "ሊግ ነው፣ ምን ቸገረን" ይላሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ይነቀንቃል። ካሸነፍን ስንመለስ ከቹአም እስከ ካስልባር ዘፈን ነው፤ ያኔ ሊግ መሆኑን የሚያስታውስ አንድ ሰው አታገኝም። ከተሸነፍን "አላልኳችሁም? ሊግ ነው" ይላሉ። ይህ እምነት አይደለም። ኢንሹራንስ ነው። ሳይሸነፉ በፊት የሚገዙት ኢንሹራንስ።

ሊግ ዋጋ የለውም የሚለው ወሬ ድሮ ትንሽ እውነት ነበረበት። የክረምት ጭቃ፣ ልጆች መሞከሪያ፣ የተጎዳ ማገገሚያ። ዛሬ ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። ሠላሳ ሁለት ቡድን ነው፤ ስምንት ስምንት ሆኖ በአራት ዲቪዚዮን ይከፈላል። (ከሠላሳ ሁለቱ ካውንቲ ኪልኬኒ አይገባም፤ በምትኩ ለንደን አለ። ለንደን አየርላንድ ውስጥ ነው እንዴ አትበሉኝ፤ የስደተኛ ነገር እኛም እናውቀዋለን።) ከፍጻሜው በፊት እያንዳንዱ ቡድን ሰባት ጨዋታ ብቻ ይጫወታል። ደርሶ መልስ የለም። ከጎልዌይ ጋር የምትጫወተው አንዴ ነው። ሁለቱ መሪዎች ያድጋሉ፣ ሁለቱ ጭራዎች ይወርዳሉ። ከሰባት አንዱን "ምን ቸገረን" ብለህ ስትሰጥ ምን ያህል እንደሰጠህ ራስህ አካፍል።

ዋናው ግን እሱም አይደለም። ከ2023 ወዲህ ለትልቁ ዋንጫ፣ ለሳም ማጓየር፣ የሚጫወቱት አሥራ ስድስት ቡድኖች ናቸው። ስምንቱ አየርላንድ በምትከፈልባቸው በአራቱ ክፍለ አገሮች ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሱት ናቸው። አንዱ ያለፈው ዓመት የታልቸን ዋንጫ ባለቤት ነው። የቀሩት የሚመረጡት በሊግ ደረጃቸው ነው። በሊግ ደረጃቸው! ያልደረሰው ወደ ሁለተኛው ዋንጫ፣ ወደ ታልቸን ይወርዳል። ሚዝ የሚባለውን ካውንቲ ውሰዱ። ሰባት ጊዜ የአየርላንድ ሻምፒዮን የሆነ ነው። በ2023 ክፍለ አገሩ ላይ ቀድሞ ወደቀ፣ የሊግ ደረጃው አላወጣውም፣ ሰመሩን በታልቸን አሳለፈ። ዋንጫውን እርግጥ በላው። ግን የሚዝን ሰው "ሊግ ምን ቸገረን" ብላችሁ ሞክሩ።

የእኛንም የዚያኑ ዓመት ላስታውሳቸው ስል ሽማግሌው ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ይደፋሉ። በ2023 ማዮ በሊጉ ፍጻሜ ጎልዌይን 0-14 ለ 0-11 አሸነፈ። ኤፕሪል 2 ነበር። ልክ በሳምንቱ፣ እዚሁ ካስልባር ላይ፣ ሮስኮመን ከክፍለ አገሩ ሻምፒዮና አስወጣን። በድሮው ጨዋታ ቢሆን ወሬው "የሊግ ዋንጫ ምን ረባን" ሆኖ ያልቅ ነበር። ግን የሊግ ደረጃችን ከአሥራ ስድስቱ መሀል አቆየን። በሜይ ኬሪን ኪላርኒ ድረስ ሄደን አሸነፍን። በጁን ጎልዌይን ሶልትሂል ላይ 1-10 ለ 0-12፣ በአንድ ነጥብ። ያን ቀን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ አንገቴ እስኪዞር ነበር ከኋላ የሚያቅፉኝ። ከዚያ ሩብ ፍጻሜ ላይ ደብሊን ምን እንዳደረገን ማንሳት አያስፈልግም።

ከሽማግሌው ተቃራኒ ደግሞ የኋላ ወንበር ወጣቶች አሉ። እነሱ የሊግ ውጤት እንደ ትንቢት ነው የሚያነቡት። "በሊግ እንዲህ ካደረግናቸው በሰመር ምን ልናደርጋቸው ነው!" በኦክቶበር 2020 ማዮ ቹአም ላይ ጎልዌይን 3-23 ለ 0-15 ደበደበ። ደምሩት፤ የአሥራ ሰባት ነጥብ ልዩነት ነው። በኮቪድ ምክንያት ደጋፊ አይገባም ነበር፤ ባዶ አውቶቡሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ በሬዲዮ ሰማሁት። ከአራት ሳምንት በኋላ በክፍለ አገሩ ፍጻሜ ያው ጎልዌይ መጣ። 0-14 ለ 0-13። በአንድ ነጥብ አመለጥን። ያ ማዮ እኮ በዚያው ኦክቶበር ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወርዶ፣ በዲሴምበር የአየርላንድን ፍጻሜ የተጫወተ ነው። በ2021 ደግሞ ኬሪ በሊግ ታይሮንን 6-15 ለ 1-14 አፈራረሰው። ኦገስት ላይ ታይሮን ያንኑ ኬሪን በጭማሪ ሰዓት በአንድ ነጥብ አስወጣ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ከማን? ከማዮ ላይ።

እንግዲህ ሁለቱን አታምታቷቸው። ሊጉ ሰመር ላይ ማን እንደሚያሸንፍ አይነግርህም። ሰመር ላይ የት እንደምትጫወት ግን ይነግርሃል። ሽማግሌው ሁለተኛውን አይሰሙም፣ ወጣቶቹ አንደኛውን። እኔ መሀል ሆኜ እነዳለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ ያገሬ ልጆች፣ ምክር ልጨምር። ትኬት ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ከሸሚዙ ሥር ሁለት ነገር ልበሱ፣ ጓንት አትርሱ፤ የጃንዋሪ ሶልትሂል ደጋ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ጃንጥላ አትያዙ። ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ከኋላችሁ ያለውም ሰው ይቆጣል። ጎረቤታችሁ የጎልዌይ ደጋፊ ከሆነ ስለ 1951 ራሳችሁ ቀልዱ፤ ካልቀደማችሁት እሱ ይቀድማችኋል። ዳቦ ቆሎ ብትይዙ ለሽማግሌው አቀብሏቸው። አሁን በስሙ ጠርተው ይጠይቁኛል።

ሰዓቱንም በደንብ ተነጋገሩ። አንዴ የእህቴን ልጅ "እሁድ አምስት ሰዓት ካስልባር ባቡር ጣቢያ ጠብቀኝ" አልኩት። ደብሊን ያደገ ልጅ ነው። ቆሜ ጠበቅኩት፣ አልመጣም፣ ደጋፊ ጭኜ ሄድኩ። ስነዳ ስልክ አላነሳም። ተሸንፈን ሰው አውርጄ በጣቢያው በኩል ሳልፍ መሽቷል። አረንጓዴና ቀይ ሻርፑን ጠምጥሞ በሩ ላይ ቆሟል። የማታ ጨዋታ መስሎታል። በሩን ስከፍትለት ስልኩን አወጣና ሰዓቱን አሳየኝ፤ በፈረንጅ አምስት ከሠላሳ ይላል።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ግማሽ ሰዓት አረፈድክ እኮ።"