ፕሮክሲ ፕሮቶኮል ምንድን ነው? ከፕሮክሲ ጀርባ ያለ የዲኤንኤስ ሰርቨር ጠያቂውን እንዴት ያውቃል?

ፕሮክሲ ፕሮቶኮል በፕሮክሲ (ጥያቄን ተቀብሎ ለሌላ ሰርቨር በሚያስተላልፍ አማካይ) በኩል የሚያልፍ ጥያቄ መጀመሪያ ከየትኛው አይፒ አድራሻ እንደተነሣ ለኋለኛው ሰርቨር የሚያስታውቅ ስልት ነው። ኤችኤፕሮክሲ ከሚባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ጋር የመጣ ቢሆንም ዛሬ ለዲኤንኤስም፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ ለሚተረጉመው ሥርዓት፣ በሰፊው ያገለግላል።

በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል እናስብ። የእንግዶች ዋይፋይም ሆነ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች የሚልኩት የዲኤንኤስ ጥያቄ በቅድሚያ ዲኤንኤስዲስት የሚባል ፕሮክሲ ዘንድ ይደርሳል፤ እርሱም ከጀርባው ላሉት ሰርቨሮች ያከፋፍላል። ሰርቨሮቹ የሚያዩት ታዲያ የዲኤንኤስዲስትን አድራሻ ብቻ ነው። የአንድ እንግዳ ላፕቶፕ በቫይረስ ተይዞ ጥያቄ ቢያዥጎደጉድ፣ የጥያቄን ብዛት የሚገድበው ሰርቨር የሚያግደው ላፕቶፑን ሳይሆን ፕሮክሲውን፣ ማለትም ሆቴሉን በሙሉ ይሆናል። ሎጉም (የጥያቄዎቹ መዝገብ) ቢመረመር ከአንድ አድራሻ በቀር የሚያሳየው የለም።

የፕሮቶኮሉ ሁለተኛ ስሪት በዲኤንኤሱ መልእክት ፊት ትንሽ ሄደር ያስቀድማል፤ ከመሥሪያ ቤት ሰነድ ጋር እንደሚላክ ሸኚ ደብዳቤ ማለት ነው። ሄደሩ በ12 ባይት መለያ ምልክት ይጀምርና የጠያቂውንና የተጠያቂውን አድራሻ ከነፖርታቸው ይይዛል፤ ለአይፒቪ4 በጠቅላላው 28 ባይት፣ ለአይፒቪ6 ደግሞ 52 ባይት ይበቃዋል። ግንኙነት ሳይመሠረት በሚሠራው ዩዲፒ ከእያንዳንዱ ፓኬት ጋር ሲላክ፣ ግንኙነት ተመሥርቶ በሚሠራው ቲሲፒ ግን ግንኙነቱ ሲጀመር አንድ ጊዜ ብቻ ይላካል። መልእክቱ ራሱ አይነካም።

ለዚሁ ሥራ ኢዲኤንኤስ ክላየንት ሰብኔት የሚባለውን አማራጭ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልመርጠውም፤ ምክንያቱም የተሠራው መልስ ሰጪው ሰርቨር ለጠያቂው አካባቢ የሚስማማ መልስ እንዲመርጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚያስተላልፈው የአድራሻውን ከፊል ብቻ ስለሆነ አንዱን ላፕቶፕ ከጎረቤቱ አይለይም።

ከዲኤንኤስ ሰርቨር ሶፍትዌሮች መካከል ፓወርዲኤንኤስ ሪከርሰር ከስሪት 4.4፣ አንባውንድ ከ1.17፣ ባይንድ ደግሞ ከ9.20 ጀምሮ ሄደሩን ይቀበላሉ። ሄደር የሚጠብቅ ሰርቨር ያለ ሄደር የመጣን ጥያቄ ስለማያስተናግድ፣ አሠራሩ በፕሮክሲውና በሰርቨሩ በአንድነት መከፈት አለበት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የእምነት ጉዳይ ነው። ሄደሩ ፊርማም ምስጠራም የለውም፤ ወደ ሰርቨሩ በቀጥታ መድረስ የቻለ ሁሉ የሌላውን አድራሻ ጽፎ የሒሳብ ክፍሉን መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሄደር የሚቀበለው ከፕሮክሲው አድራሻ ብቻ እንዲሆን መወሰን፣ ፖርቱንም ለሌላው ሁሉ በፋየርዎል መዝጋት ያስፈልጋል።