የመሬት መንቀጥቀጥ ትንበያ «ያዘ» የሚባለው መቼ ነው?

የመሬት መንቀጥቀጥ ትንበያ ማለት የት፣ መቼና በስንት ማግኒቲውድ (የመንቀጥቀጡ መጠን መለኪያ ነው) እንደሚመጣ ቀድሞ ለይቶ መናገር ነው፣ ከሶስቱ አንዱ ከጎደለ ትንበያ አይባልም። ጎንደር ላይ ኢንተርኔት ላይ መንቀጥቀጥ ተነበየ ስለተባለ ሰው ወሬው የጦፈው በ2017 ጥምቀት ሰሞን ነው፣ አዋሽ ፈንታሌ ከታኅሣሥ ጀምሮ አላርፍ ብሎ ስለነበር ፒያሳ ቡና የሚጠጣው ሁሉ «ሰውየው ቀድሞ ተናግሮ ነበር» የሚል ስክሪንሾት ያሳያል።

መጀመሪያ ዋናው ፖስት ይታይ፣ ቴሌግራም ላይ ሰዓቱ አጠገብ ኤዲት ተደርጓል የሚል ካለ አለቀ። ከዛ የሚጠየቀው በዝም ብሎ ግምት ስንቱ ይያዛል ነው፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። በዓለም ላይ ከ5 በላይ የሆነ በዓመት ከ1000 ጊዜ በላይ ይከሰታል፣ ከ6 በላዩም ከ100 ያልፋል፣ ስለዚህ «በዚህ ሳምንት የሆነ ቦታ 6 ይመታል» ያለ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። አዋሽም በየቀኑ እየተናጠ «ነገም ይንቀጠቀጣል» ማለት ምን ነቢይነት አለው? የካቲት 7 የመጣውን 6.0 ቀኑንም መጠኑንም ለይቶ ቢናገር ኖሮ ነበር ጉድ የሚባለው።

የሳተውም ይቆጠራል። ዓመቱን ሙሉ «ይመጣል ይመጣል» የሚል ሰው ምንም አያመልጠውማ! ማስጠንቀቂያው ከዓመቱ 90 በመቶውን ቀን ይዞ ከመንቀጥቀጦቹ 90 በመቶውን ቢያገኝ፣ ከዕጣ አልተሻለም።

በደንብ የተፈተነው የካሊፎርኒያው ፓርክፊልድ ነው። እዛ በአማካይ በ22 ዓመት አንዴ 6 ገደማ ይመታ ስለነበር ባለሙያዎቹ ከ1993 በፊት ይመጣል ብለው አስቀድመው ጻፉ፣ መሳሪያም ተከሉ፣ በ2004 መጣ። ቦታውና መጠኑ ልክ፣ ጊዜው ግን ከ10 ዓመት በላይ አለፈ፣ ስለዚህ አልተሳካም ተብሎ ተመዘገበ። ቻይና በ1975 ሃይቸንግ ላይ ሰው ቀድማ አስወጥታ ተወደሰች፣ በዓመቱ ታንግሻን ላይ ሳይጠበቅ የመጣው ከ240 ሺህ በላይ ሰው ጨረሰ (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ ናቸው)።

ጎንደር ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ትላለች፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ግን የመሬት መንቀጥቀጥም ጎድቶታል ይላሉ አስጎብኚዎች። እዚህ «በዚህ ወር ምንም አይመጣም» ብሎ በየወሩ የሚፖስት ሰው የቲክቶክ ነቢዮችን ሁሉ በውጤት ይበልጣቸዋል፣ ያውም ምንም ሳያውቅ። ባለሙያዎቹ ቀን መቁረጡን ትተው ዕድሉን በፐርሰንት የሚናገሩት ለዚህ ነው፣ ለሕንፃ ዲዛይንም ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በ50 ዓመት ውስጥ 10 በመቶ የመከሰት ዕድል ያለው ንቅናቄ ነው።