ሴል እንዴት ይጎርሳል? የናኖቅንጣትና የፔፕታይድ አገባብ

ጠዋት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሲኖትራኩ ማርሽ ሲቀይር ጥቁር ጭሱን ቡፍ ያደርጋል። ሰልፈኛው ሁሉ ነጠላውን ወይ ስካርፑን አፍንጫው ላይ ይጎትታል። ጨርቁ ትልልቁን አቧራ ያስቀር ይሆናል። ከ100 ናኖሜትር የሚያንሰው ጥላሸት ግን ዘው ብሎ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። እዚያ ማክሮፋጅ የሚባል ሴል ይጠብቀዋል። የማክሮፋጅ ሥራ የመጣውን መዋጥ ነው።

ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል። ናኖቅንጣት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለው ነው። የወርቅ፣ የብር፣ የቅባት፣ የካርቦን ሊሆን ይችላል። ፔፕታይድ ደግሞ አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል።

ሁለቱም የሚገጥማቸው በር አንድ ነው፦ የሴል ሽፋን። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሽሮ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ሥስና ፈሳሽ ነው፤ ግን ድርብ ነው። ኦክስጅን ያለ ከልካይ ያልፈዋል። ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ወይም ገዘፍ ያለ ነገር ግን እንዲሁ አያልፍም።

ናኖቅንጣት ትንሽ ስለሆነ ሴሉን ሰርስሮ የሚገባ ይመስላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በአብዛኛው ግን አይሰረስርም፤ ሴሉ ነው የሚጎርሰው። ቅንጣቱ ሽፋኑ ላይ ያርፋል። ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይይዙታል። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ዙሪያውን ይጠቀልለዋል። ከዚያ አፉ ተቋጥሮ ይበጠሳል፤ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። እንጀራው ሽፋኑ ነው፤ ወጡ ቅንጣቱ ነው። ይህን አጎራረስ ኢንዶሳይቶሲስ ብሎ የሰየመው ቤልጅጋዊው የሴል ተመራማሪ ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው፤ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ጉርሻ ደግሞ ልክ አለው። በ2006 ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች የተለያየ መጠን ያላቸውን የወርቅ ቅንጣቶች ለካንሰር ሴሎች ሰጡ። ሴሎቹ በብዛት የዋጡት 50 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው። በጣም ትንሹ ብቻውን እንጀራ የሚያስቆርስ አይሆንም፤ በቂ ተቀባይ አይሰበስብም። በጣም ትልቁን ደግሞ እንደ ማክሮፋጅ ያለ አፈ ሰፊ ካልሆነ ተራ ሴል አይችለውም።

ሌላም ነገር አለ። ቅንጣቱ ደም ውስጥ በገባ በአፍታ የደም ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል። ሴሉ ጋ ሲደርስ ቤተ ሙከራ የተሠራበት መልኩ የለም፤ ካባ ለብሷል። ሴሉ የሚያየው ካባውን ነው። በብልቃጥ ውስጥ አሪፍ የሠራ ቅንጣት ሰውነት ውስጥ የሚያሳፍረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

አሁን ዋናው ችግር መጣ። ጉርሻው ገብቷል፤ ወጡ ግን ከእንጀራው አልወጣም። ከረጢቱ ኢንዶዞም ይባላል። ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር አሲድ እየሆነ ይመጣል። መጨረሻው ላይዞዞም ነው፤ የሴሉ ጨጓራ በሉት። እዚያ ኢንዛይሞች ያገኙትን ይፈጫሉ። ስለዚህ መድኃኒት የተሸከመ ቅንጣት «ሴል ውስጥ ገባ» ሲባል ቶሎ ማጨብጨብ አያስፈልግም። በ2013 የታተመ ጥናት በቅባት ቅንጣት የተጫነ አርኤንኤን (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል ነው) ተከታትሎ ነበር። ከከረጢቱ ያመለጠው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ለሥራው ቦታ አልደረሰም።

ፋይዘርና ሞደርና በ2020 ያወጡት የኮቪድ ክትባት ይህን ችግር በዘዴ አልፎታል። ኤምአርኤንኤው፣ ማለትም ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ፣ የተጠቀለለበት ቅባት ደም ውስጥ ሙል የለውም። አሲድ ሲነካው ግን አዎንታዊ ይሆናል። የከረጢቱ ግድግዳ ደግሞ አሉታዊ ነው። ሁለቱ ይሳሳባሉ፣ ግድግዳው ይታወካል፣ ኤምአርኤንኤው ያመልጣል። ማለትም ሊፈጨው የመጣው አሲድ ራሱ በር ይከፍትለታል። ይህ ክትባት ዘር ይቀይራል ሲባል ለሰማ ሰው፦ ኤምአርኤንኤው ሥራውን የሚጨርሰው ዘሩ (ዲኤንኤው) ከሚቀመጥበት ከኒውክለሱ ውጭ ነው።

የፔፕታይዶቹ ጠባይ ይለያያል። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ አለው፤ ሥራውን ለመሥራት መግባት አያስፈልገውም። በሩን ያንኳኳል፣ ተቀባዩ መልእክቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፣ ስኳሩ ይገባል።

በሆለታ፣ በአምቦ መንገድ፣ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ አካባቢ ቀፎ የከፈተ ሰው ሌላውን ዓይነት በቆዳው ያውቀዋል። የንብ መርዝ ዋና ነገር ሜሊቲን ነው፤ 26 አሚኖ አሲድ። ሜሊቲን ጉርሻ አይጠብቅም። ሽፋኑ ውስጥ ይሰነቀርና ይበሳዋል። ቀይ የደም ሴል ላይ በብዛት ቢያርፍ ያፈነዳዋል።

ሦስተኛዎቹ ሰርጎ ገቦች ናቸው። በ1988 ሁለት ቤተ ሙከራዎች ታት የተባለው የኤችአይቪ ፕሮቲን በራሱ ወደ ሴል እንደሚገባ አገኙ። የገባበት ቁራጭ አርጊኒንና ላይሲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች የበዙበት፣ አዎንታዊ ሙል ያለው ነው። የሴሉ ውጪ ደግሞ አሉታዊ ነው። በ1994 ከፍራፍሬ ዝንብ ፕሮቲን ፔኔትራቲን የሚባል 16 አሚኖ አሲድ ያለው ወንድሙ ተገኘ። ብዙዎች ሽፋኑን እንደ መንፈስ ያልፋሉ አሉ። በ2003 ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ታወቀ። ሴሉን ለማይክሮስኮፕ በኬሚካል ሲያጸኑት ሽፋኑ ይበላሽ ነበር። ውጪ ተለጥፎ የነበረው ፔፕታይድ የሚሰራጨው ያኔ ነው። ሕያው ሴል ላይ ሲታይ አብዛኛው በከረጢት ነበር የገባው፤ ያው ጉርሻ። ለማረጋገጥ የሚጠቅም ቀላል ዘዴም አለ፦ ሴሉን 4 ዲግሪ ላይ ማቀዝቀዝ። ሲበርደው መጉረስ ያቆማል። ያኔም የሚገባ ካለ መንገዱ ሌላ ነው።

ጉዳቱስ? ብርና ዚንክ ኦክሳይድ ላይዞዞም ውስጥ ይሟሟሉ። የሚለቁት አዮን (ሙል ያለው አቶም) ሴሉን ይመርዘዋል። ጥላሸት ደግሞ በተቃራኒው አይፈጭም። ከማገዶ ጭስ የማይለዩ ሰዎች ማክሮፋጅ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። በኩበትና በቅጠል እንጀራ በሚጋገርበት የከተማው ዳርቻ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ ማዕከል አለው። የሴልና የተዋሲያንን ትግል ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የያዘው ግን በሌላኛው ጥግ፣ ዘነበወርቅ ነው። እዚያ ያለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ አለርት፣ ሲሠራ ከከተማ ውጭ ነበር፤ አሁን ከተማው ራሱ ጎርሶታል። ግቢው ውስጥ ከ1970 ጀምሮ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ማክሮፋጅ ውስጥ ይኖራል። መዋጥ ለእሱ ሞት አይደለም፤ ቤት ማግኘት ነው።

ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛም እንዲሁ ነው፤ ያውም የሚኖረው በማክሮፋጁ ጨጓራ፣ በላይዞዞሙ ውስጥ ነው። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የደጋ ሰዎች ይይዛቸዋል። ከሚታከሙባቸው መድኃኒቶች አንዱ አምቢዞም ነው። አምፎቴሪሲን ቢ የሚባለው መድኃኒት ብቻውን ኩላሊት ስለሚጎዳ፣ ከ100 ናኖሜትር ባነሰ የቅባት ኳስ ተጠቅልሎ በደም ሥር ይሰጣል። ኳሱ ከከረጢት ማምለጥ አያስፈልገውም። ማክሮፋጁ እንደ ልማዱ ይጎርሰዋል፣ ወደ ጨጓራው ይወስደዋል። ጥገኛው እዚያው ተቀምጧል።