ምሳሌ ምንድን ነው? ሰም አይደለም

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ ሰባኪ «ኦሪት ሰም ነው፤ ወንጌል ወርቅ ነው። ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙን ተሸክሞ መዞር ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ሰማሁ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ይህን አባባል ዘንድሮ ስሰማው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ብሉይ ኪዳንን ለማስተማር ዕድሜዬን የሰጠሁ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሰባኪው የሚናገሩት ስለ አብርሃም መሥዋዕት ነበር። «ይስሐቅ የክርስቶስ ምሳሌ ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው። ቀጥለው «ምሳሌ ከሆነ ዘንድ ተራራው የት ነው፣ ልጁ ምን ተሰማው እያላችሁ አትድከሙ» አሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የጥፋቱ ግማሽ የቋንቋችን ነው። አማርኛ በአንዲት ቃል ላይ ብዙ ጭኖባታል፤ ተረትና ምሳሌ እንላለን፣ መጽሐፈ ምሳሌ እንላለን፣ ጌታ በምሳሌ አስተማረ እንላለን። በወንጌል ዘር ሊዘራ የወጣው ገበሬ ስምም አገርም የለውም፤ አያስፈልገውምም። ጳውሎስ ግን ለሮሜ ሰዎች አዳምን ሊመጣ ላለው አምሳል ነው ሲል የጻፈው የግሪክ ቃል ቲፖስ ነው። ቲፖስ ተመትቶ የቀረ ምልክት ማለት ነው። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ያለው የችንካር ምልክት በግሪኩ ይኸው ቃል ነው። ምልክት እንዲቀር መጀመሪያ የመታ ነገር መኖር አለበት።

ሰምና ወርቅ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ አነጋገር ነው። አንጥረኛው ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይፈስሳል። ለቅኔ ይህ ድንቅ ነው። ለኦሪት ግን ሰሙ ቀለጠ ማለት አብርሃም ቀለጠ፣ ሙሴ ቀለጠ ማለት ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማርቅዮን የተባለ መናፍቅ ብሉይን ከነአምላኩ አውጥቶ ሲጥል ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችው በዚሁ ምክንያት ነው። በከተራ ዕለት ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርድ ሰው ኦሪትን የቀለጠ ሰም ሲል እንዴት አፉ እሺ እንደሚለው አይገባኝም።

እኔ በሰምና ወርቅ ፈንታ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ስለ አያትና ስለ ልጅ ልጅ ነው፤ አያቱ የኦሪቱ ታሪክ፣ የልጅ ልጁ ክርስቶስ ነው። ልጁ አድጎ ሲራመድ የሰፈሩ ሽማግሌ «ቁርጥ አያቱን!» ይላሉ። አያትየው ግን የኖሩት የልጅ ልጃቸውን ለመምሰል አይደለም። የራሳቸውን መሬት አርሰዋል፣ የራሳቸውን ሙግት ተሟግተዋል፣ የራሳቸውን ሙት ቀብረዋል። ልጁ ከመጣ በኋላ ግን በእርሳቸው ፊት ላይ ማንም ልብ ያላለው ነገር ይታያል። መልክ ይወረሳል፤ የአያት ጥፋት ግን የልጁ አይሆንም። ደግሞም መንገድ ላይ ያገኘኸው ሰው አያትህን ስለመሰለ ብቻ ዘመድህ አይሆንም፤ የሥጋ ሐረግ ያስፈልጋል። እንጨት ባየ ቁጥር መስቀል፣ ውሃ ባየ ቁጥር ጥምቀት የሚል ተርጓሚ ይህን ይረሳል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስን የመሰሉ ቀደምት አበውም እንጨት ባዩበት ሁሉ መስቀልን አይተዋልና፣ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማሙ መምህራን እንዳሉ መናገር አለብኝ።

ሆሴዕ ምዕራፍ 11ን ውሰዱ። «ልጄንም ከግብፅ ጠራሁት» ይላል። ማቴዎስ ይህን ሕፃኑ ኢየሱስ ከግብፅ ስለ መመለሱ ጠቀሰው። ነቢዩ ግን የሚናገረው ወደ ኋላ ዞሮ ስለ እስራኤል መውጣት ነው፤ በዚያው ቁጥር መጀመሪያ ላይ «እስራኤል ሕፃን በነበረ ጊዜ» ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ያ ልጅ ለበኣል እንደ ሠዋ ይናገራል። ይህን በክርስቶስ ላይ የሚያነብብ ማነው? መልኩ አለ፤ ጥፋቱ የአያት ሆኖ ቀረ። (በነገራችን ላይ የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም እዚህ ላይ «ልጄን» ሳይሆን «ልጆቹን» ይላል፤ ማቴዎስ የሚስማማው ከዕብራይስጡ ጋር ነው። የእኛ የግእዝ ብሉይ ግን በመሠረቱ ከግሪክ የተተረጎመ ስለሆነ፣ ብሉይና ሐዲስን ጎን ለጎን የሚያነብብ ሰው እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገጥመው መደንገጥ የለበትም።)

ሌላም አለ። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃና በዙሪያው ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ለብዙ ትውልድ ይህንኑ ኦሪት በዚሁ በግእዝ አንብበዋል። ክርስቶስን አላዩበትም፤ ኦሪቱ ግን ለእነርሱ ባዶ መጽሐፍ አልነበረም። እኛ ተጨማሪ መልክ አየንበት ስንል የእነርሱን ንባብ ሐሰት ማድረግ አይጠበቅብንም።

ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖች በብዙ ቦታ ይለያያሉ፤ አካሄዳቸው ግን አንድ ነው። ንባቡ ይነበባል፣ ነጠላ ትርጉሙ ይሰጣል፣ ታሪኩ ይተረካል፣ ከዚያ «አንድም» ይባላል። አንድም ማለት «እንዲህም ደግሞ» ማለት ነው። «ያኛውን ተውት፣ ይህን ያዙ» ማለት አይደለም። ሁለተኛው አንድም ሲመጣ የመጀመሪያው ከቦታው አይነሣም። ሰባኪው ይህን ቃል በየቀኑ እየተናገሩ ሥራውን አለማየታቸው ነው የሚያሳዝነኝ።

የአብርሃምን ታሪክ ስናስተምር በጉ የተያዘበትን ዕፀ ሳቤቅን ሁሉም ያውቀዋል። ሳቤቅ የዛፍ ስም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በዕብራይስጥ ግን ጥሻ ማለት ነው፤ የግሪክ ተርጓሚዎች ቃሉን እንዳለ ተዉት፣ እኛም ከእነርሱ ተቀበልን። ይህን ማወቅ መምህራን በዕፀ ሳቤቅ ላይ ያዩትን ምሥጢር አያፈርሰውም። በጉ ቀንዱ የተያዘበትን ቦታ ግን ያሳየናል።

ባለፈው አንድ ተማሪ «የኔታ፣ ታዲያ ምሳሌው ይስሐቅ ነው ወይስ በጉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንጨቱን ተሸክሞ ተራራ የወጣው ይስሐቅ ነው፤ የታረደው በጉ ነው፤ በሕይወት የወረደው ደግሞ ይስሐቅ ነው። የዕብራውያን መልእክትም አብርሃም ልጁን በምሳሌ እንዳገኘው ሲናገር ስለ ትንሣኤ ነው። ስለዚህ ሞቱ በበጉ፣ ትንሣኤው በልጁ ይታያል አልኩት። ተማሪው ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጠና «እሳቱና እንጨቱ ይኸው፤ የመሥዋዕቱ በግ ግን ወዴት ነው?» የሚለውን ቀስ ብሎ እንደገና አነበበው።